አልነቃ ያለ የብራውዘር ቅጥያ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ቅጥያ (ብራውዘር ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) አልሠራ ሲል የብዙ ሰው እጅ የሚሮጠው ወደ ማስወገድ ነው፤ አውጥቶ ይጥለዋል፣ መልሶ ይጭነዋል። ይህ ግን የመጨረሻው እርምጃ መሆን ነበረበት። ቅጥያ ሲወገድ በውስጡ ያስቀመጠው መረጃ አብሮት ይጠፋል። የማስታወቂያ ማገጃ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ እንደ ሜታማስክ ያለ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ ከሆነና የመልሶ ማግኛ ቃላቱ በወረቀት ካልሰፈሩ ግን ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ቅጥያዎች ዝርዝር ይግቡ፤ በክሮም በላይኛው ቀኝ ጥግ ባሉት ሦስት ነጥቦች፣ በፋየርፎክስ በሦስቱ መስመሮች በኩል ይገኛል። ከማብሪያው አጠገብ የተጻፈውን አጭር መልእክት ሳያነቡ ምንም አይንኩ።

በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም

ገጹ ፕለጊን (እንደ ጨዋታና ቪዲዮ ያለ ይዘት የሚያጫውት የቆየ ተጨማሪ ፕሮግራም) ያስፈልጋል ይላል፣ የሚበራ ነገር ግን አይታይም። የተጠየቀው ፍላሽ፣ የጃቫ አፕሌት ወይም ሲልቨርላይት ከሆነ ፍለጋውን ይተዉት። ክሮም ጃቫና ሲልቨርላይት የሚሠሩበትን የቆየ ሥርዓት በ2015 አስወገደ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ፋየርፎክስ በ2017 ከፍላሽ በስተቀር ሁሉንም አስቀረ። አዶቢ ደግሞ ለፍላሽ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ አቁሞ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ይዘት እንዳያጫውት አደረገው። ዛሬ «ፍላሽዎን ያድሱ» የሚል መስኮት ብቅ ካለ ወጥመድ ነው።

የድሮ የፍላሽ ጨዋታ ለመክፈት ሩፍል የተባለውን ነጻ ቅጥያ ይሞክሩ። አክቲቭኤክስ (በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ የሚሠራ የቆየ የማይክሮሶፍት ፕለጊን) የሚጠይቅ የቆየ የመሥሪያ ቤት ሲስተም ካለብዎት ደግሞ በማይክሮሶፍት ኤጅ ቅንብሮች ውስጥ ስለ ነባሪ ብራውዘር በሚናገረው ክፍል ገጾች በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሁነታ እንዲከፈቱ ይፍቀዱ። በእጅ ያስገቡት አድራሻ ከ30 ቀን በኋላ ከዝርዝሩ ስለሚወጣ፣ በወሩ እንደገና እምቢ ቢል አይደንግጡ፤ መልሰው ያስገቡት።

ማብሪያው ደብዝዟል

መልእክቱ ቅጥያው ከእንግዲህ እንደማይደገፍ የሚናገር ከሆነ የተጻፈበት አሠራር አርጅቷል። ክሮም ማኒፌስት 2 በተባለው አሠራር የተጻፉትን ቅጥያዎች ከ2024 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲያጠፋ ቆይቶ በ2025 ጨርሶ ዘጋባቸው፤ ዩብሎክ ኦሪጂን የተባለው የማስታወቂያ ማገጃ ከነዚህ አንዱ ነው። ማብሪያውን ደጋግሞ መጫን ትርፉ ድካም ነው። ያለው ምርጫ አቅሙ የተቀነሰውን ዩብሎክ ኦሪጂን ላይት መጫን ወይም ሙሉውን ወደሚቀበለው ፋየርፎክስ መዛወር ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

በድርጅትዎ የሚተዳደር ነው የሚል ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ዘግቶታል፤ እርሱን ያነጋግሩ። የግል ኮምፒውተርዎ ላይ ይህ ከተጻፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ የራሱን ደንብ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል ከቅጥያው በፊት ኮምፒውተሩን በጸረ ቫይረስ ይፈትሹ። ቅጥያው ተበላሽቷል ከተባለ፣ ለምሳሌ መብራት በድንገት ጠፍቶ ፋይሉ ሳይጻፍ ከቀረ፣ እዚያው የሚታየውን የመጠገኛ ቁልፍ ይጫኑ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፉ

ትናንት የሠሩ ቅጥያዎች ዛሬ በሙሉ ከተሰናከሉ ቅጥያዎቹን አይጠርጥሩ። ፋየርፎክስ እያንዳንዱን ቅጥያ የሚያምነው በዲጂታል ፊርማ ሲሆን ፊርማው የሚጸናበት የመነሻና የማብቂያ ቀን አለው። በሜይ 2019 አንድ የፊርማ ሰርተፊኬት ሳይታደስ ጊዜው በማለፉ በዓለም ዙሪያ የፋየርፎክስ ቅጥያዎች በአንድ ሌሊት ተሰናክለው ነበር። በማርች 14 ቀን 2025 ደግሞ ሌላ ሰርተፊኬት አብቅቷል፤ ከ128 በታች የሆነ ፋየርፎክስ ያለው ሰው ማሻሻል አለበት። ዊንዶውስ 7 ላይ ላሉ የቆዩ ኮምፒውተሮች የሚሆነው 115 የተባለው የረጅም ጊዜ እትም ነው፤ እርሱም ቢያንስ 115.13 መድረስ ይኖርበታል።

እትሙ አዲስ ከሆነ በቀኝ ታችኛው ጥግ ያለውን ቀን ይመልከቱ። እኛ ዘንድ ይህ ችግር የራሱ ምክንያት አለው። ኮምፒውተሩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው አይታጣም፤ ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ወደኋላ ሲቀር ማሽኑ በቅርቡ የተሰጠውን ፊርማ ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል። ክሮምም ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል ብሎ ገጾችን ስለሚከለክል ቅጥያ መጫንም ማደስም አይቻልም። የስድስት ሰዓት ልዩነት ብቻውን ፊርማን እምብዛም አያፈርስም፤ ሆኖም በየ30 ሴኮንዱ የማረጋገጫ ኮድ የሚያመነጭ ቅጥያ ካለዎት የሚሰጠው ኮድ ሁሉ ውድቅ ይሆናል።

መፍትሄው በዊንዶውስ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናይሮቢን መርጦ (አዲስ አበባ ለብቻዋ ስላልተጻፈች ነው) ሰዓቱ ከኢንተርኔት በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ማየት የሚፈልግ ሰው የዘመን መቁጠሪያ ፕሮግራም ይጫን እንጂ የማሽኑን ሰዓት አይንካ። ኮምፒውተሩ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ በአብዛኛው ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት፤ መቀየር ብቻ ነው።

በርቷል፣ ግን ምንም አይሠራም

በቅድሚያ ገጹን እንደገና ይጫኑት፤ ቅጥያው ከመብራቱ በፊት ተከፍቶ የነበረ ገጽ ብዙ ጊዜ አይነካም። ሙከራዎን በብራውዘሩ የቅንብር ገጽ ወይም በቅጥያ መደብሩ ላይ ካደረጉ ደግሞ ቅጥያዎች እዚያ እንዳይሠሩ የተከለከሉት ሆን ተብሎ ነው። በሌሎች ገጾችም ዝም ካለ ወደ ዝርዝር መረጃው ገብተው የትኞቹን ድረ ገጾች እንዲያነብ እንደተፈቀደለት ይዩ፤ «ሲጫን ብቻ» ተብሎ የተገደበ ቅጥያ ምልክቱ ካልተነካ አይንቀሳቀስም። ምልክቱ ከጠፋብዎ ከአድራሻ መጻፊያው ጎን ባለችው የእንቆቅልሽ ቁራጭ ሥር ተደብቋል። ማንነት በማያሳውቅ መስኮት ለመሥራት ለየብቻ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ታምፐርሞንኪን (የድረ ገጾችን አሠራር የሚቀይሩ ትንንሽ ስክሪፕቶችን የሚያስኬድ ቅጥያ) የሚጠቀሙ ሰዎች በአዲሱ ክሮም የተጠቃሚ ስክሪፕቶችን የሚፈቅደውን ማብሪያ ካላበሩ ቅጥያው ነቅቶ ስክሪፕቶቹ ግን ይተኛሉ።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ሁለት ቅጥያዎች እየተጋጩ ይሆናል። ግማሾቹን አጥፍተው ይሞክሩ፤ ችግሩ ያለበትን ግማሽ እንደገና ለሁለት እየከፈሉ ይቀጥሉ። ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው እንኳ ካልሠራ በብራውዘሩ ውስጥ አዲስ ፕሮፋይል ከፍተው ያንን ቅጥያ ብቻ ይጫኑበት። እዚያ ከሠራ ብልሽቱ በቀድሞው ፕሮፋይል ነው። እዚያም እምቢ ካለ በክሮም የገንቢ ሁነታን አብርተው በቅጥያው ሳጥን ላይ የሚወጣውን የስህተቶች ቁልፍ ይክፈቱ፤ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጠው ከብራውዘሩና ከቅጥያው የእትም ቁጥር ጋር ለሠሪው ይላኩለት።