የሳንስክሪት ግሥ ሥር እንዴት ይፈለጋል? በ«ክር» እንሞክረው

ዱባይ መጋዘን ውስጥ ስሠራ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው እንጃ፤ «ካም ከሮ!» ሥራ ሥሩ ማለት ነው። ህንዱም ፓኪስታናዊውም እንዲህ ይላሉ። የኔፓሉ ልጅ «ካም ገር» ይላል። የባንግላዴሹ ደግሞ «ካጅ ኮሮ»። አራት አገር፣ አንድ ትእዛዝ። ወደ ሳንስክሪት፣ ወደ ጥንቱ የህንድ ቋንቋ፣ የጎተተኝ ይሄ ነው።

የሁሉም ምንጭ «ክር» የሚባል ሥር ነው። ትርጉሙ ማድረግ፣ መሥራት። ከመስፊያ ክር ጋር አይገናኝም፣ ድምፁ ነው የገጠመው። የእኛን «ገብረ» አስቡት። በግዕዝ «አደረገ፣ ሠራ» ማለት ነው። ከሱ ግብር፣ ተግባር፣ ምግባር፣ ገበሬ ወጡ። «ክር»ም እንደዚያው ብዙ ልጆች አሉት። እነሱን ይዞ ወደ ሥሩ መውጣት፣ ከሥሩም ወደ ዛሬ ቋንቋዎች መውረድ ይቻላል። እኔ የምሄድበትን መንገድ ላሳያችሁ።

1. ቃሉን በራሱ ፊደል ያዙት

በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ሳንስክሪት አትመኑ። አጭሩም ረጅሙም የ«አ» ድምፅ በአንድ «ኤ» (a) ፊደል ይጻፋል፣ ልዩነቱ ይጠፋል። ሳንስክሪት የሚጻፍበት ዴቫናጋሪ ፊደል ግን እንደ እኛ ፊደል አናባቢውን በውስጡ ይዞ ነው የሚሄድ። ለእኛ ደግሞ ትልቅ ዕድል አለ፦ አጭሩ ድምፅ ወደ ግዕዝ ፊደላችን ይጠጋል፣ ረጅሙ ወደ ራብዕ። «ካርማ» የምንለው በትክክል ሲጠራ ወደ «ከርመ» ይቀርባል። ፊደሉን ለመልመድ ሁለት ሳምንት በቂ ነው። ይሄን ዝለሉ የሚላችሁን ሰው አትስሙ።

2. ከፊት የተለጠፈውን አውልቁ

ሳንስክሪት ከግሥ ፊት ትንንሽ ቃላት መለጠፍ ይወዳል። «ኡፐካር» ውለታ ነው። «ቪካር» መለወጥ፣ መበላሸት። «አዲካር» ሥልጣን፣ መብት። ሁሉም ውስጥ «ካር» አለ። አንዳንዴ የሚለጠፈው ሙሉ ስም ይሆናል፦ «ነመስካር» «ነመስ» ማድረግ ነው፣ ማለትም እጅ መንሳት። «ስቪካር» መቀበል ነው፣ ቃል በቃል ግን «የራስ ማድረግ»። ይሄኛውን በጣም ነው የምወደው።

የቋንቋው ስም ራሱ እዚህ ይገባል። «ሰም» አንድ ላይ ነው፣ «ክርተ» የተሠራ። መሐል ላይ አንዲት «ስ» ትገባና «ሰምስክርተ» ይሆናል፦ ተሰናድቶ የተሠራ፣ የጠራ።

3. ሥሩ መልኩን ሲቀይር ተከታተሉ

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ሥሩ ሦስት ደረጃ አለው፦ ክር፣ ከር፣ ካር። ሳድስ፣ ግዕዝ፣ ራብዕ በሉት። በሳድሱ «ክርተ» የተሠራ፣ «ክርቲ» ደግሞ ሥራ፣ ድርሰት። በግዕዙ «ከሮቲ» ያደርጋል፣ «ከርታ» አድራጊ፣ «ከርመን» ሥራ (ቅድም ያየነው «ከርመ»፣ ካርማ የምንለው፣ የዚሁ ቃል መልክ ነው)። በራብዑ «ካረነ» ምክንያት፣ «ካርየ» ሊሠራ የሚገባው ነገር። የጥንት የህንድ ሰዋስው ሊቃውንት ሁለተኛውን ደረጃ «ጉነ»፣ ሦስተኛውን «ቭርዲ» ይሉታል። ቃሉ ውስጥ «ካር» ስታዩ ወደ «ክር» አውርዱት፣ ከዚያ ፈልጉ። ለሌሎች ብዙ ሥሮችም ይሄው ይሠራል።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ሠራ፣ ሥራ፣ ሠሪ፣ አሠራር ስንል ተነባቢው ቆሞ አናባቢው ነው የሚዞረው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግስ ሲያወርድ እንደሚያደርገው፣ በህንድም ተማሪዎች የሥሮችን ዝርዝር በቃላቸው ይይዛሉ። ከፓኒኒ ሰዋስው ጋር የሚሄደው ዝርዝር ወደ 2,000 ሥሮች አሉት። ፓኒኒ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ወይም በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረ ሊቅ ነው፣ የቋንቋውን ሰዋስው ወደ 4,000 በሚጠጉ አጫጭር ሕጎች አስቀምጦታል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ «ኩሩ» (አድርግ) የሚለው ከሦስቱ ደረጃ አይገባም፤ በቃል ያዙት። ሁለተኛ፣ «ር»ው ረዝሞ የሚጠራ ሌላ ሥር አለ፣ ትርጉሙ መበተን። እሱ «ኪረቲ» (ይበትናል) ብሎ ነው የሚረባው። ስለዚህ ሥሩን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ «ያደርጋል» የሚለውን ርባታ አብራችሁ እዩ።

4. መዝገበ ቃላት

ሁለት ትልልቅ አሉ፣ ሁለቱም በኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛሉ። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የሞኒየር ዊሊያምስ ሰፊ ነው፣ ግን ቅድመ ቅጥያ ያለውን ግሥ በቅጥያው ፊደል ሥር ነው የሚያስቀምጠው። የአፕቴ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከሥሩ ጋር ይሰበስበዋል። ለጀማሪ አፕቴ ይሻላል ባይ ነኝ። የፊደል ተራው መጀመሪያ አናባቢዎች፣ ከዚያ «ከ» ብሎ ይቀጥላል። አንድ ቃል በአንድ ቃል ብቻ የሚተረጉሙ ድረ ገጾችን ተዉአቸው።

5. ወደ ዛሬ ቋንቋዎች ውረዱ

«ከርመ» በፓሊ፣ የቡድሃ ትምህርት በተጻፈበት ቋንቋ፣ «ከመ» ሆነ፤ «መ» ጠብቆ ይነበባል። «ር» ጠፍቶ ለ«መ» ጥብቀት ሰጠ ማለት ነው። ፑንጃቢ እስካሁን «ከም» ይላል፣ አጥብቆ። ሂንዲ ግን ጥብቀቱን ጥሎ አናባቢውን አስረዘመ፣ «ካም» ሆነ። ጠብቆና ላልቶ መለየት ለአማርኛ ጆሮ ቀላል ስለሆነ ይሄ ደረጃ ለእኛ አይከብድም። በሌላ በኩል «ካርየ» መጀመሪያ «ከጅ» ሆነ፣ «ጅ» ጠብቆ፤ ከዚያ ቤንጋሊ «ካጅ» አለው። ግሡ ራሱ በሂንዲና በኡርዱ «ከርና»፣ በኔፓሊ «ገርኑ»፣ በሲንሃላ «ከረነዋ» ነው።

አሁን የኔን ስህተት ስሙ። ሳንስክሪት ውስጥ «ካመ» የሚል ቃል አለ፣ ምኞት፣ ፍቅር ማለት ነው። በሂንዲ ፊደል ይሄም፣ ሥራ የሚለውም «ካም» ልክ አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። እኔ አንድ ቃል መሰሉኝ። «ህንዶች ሥራን ከፍቅር ነው ያወጡት» ብዬ ለጓደኞቼ በቴሌግራም በድምፅ አስረዳሁ፣ ብዙ ሰውም ተቀባበለው። በኋላ ሳንስክሪት የተማሩ አንድ አረጋዊ ህንዳዊ አብረውኝ ሻይ ሲጠጡ ወረቀት አወጡ። «ቤታ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ጻፉ። ከአንዱ ሥር ከርመን፣ ከመ፣ ካም። ከሌላው ሥር ካመ ብቻ፣ ሥሩም «ከም»፣ መመኘት። በጣም አፈርኩ። ያንን ድምፅ እስከዛሬ የሚልክልኝ ሰው አለ። ስለዚህ ሁለት ቃል ስለተመሳሰለ አንድ ናቸው አትበሉ። መሐል ያለውን መልክ አግኙ፤ ካላገኛችሁ አትናገሩ።

6. ቤተሰቡን አጣሩ

ህንድ ውስጥ የሚነገር ሁሉ ከሳንስክሪት ወገን አይደለም። የኬረላዎቹ፣ የደቡብ ህንዶቹ፣ ቋንቋ ማላያላም ሌላ ቤተሰብ ነው። ማድረግን «ቼዩከ» ይላል። «ካርየም» (ጉዳይ) የሚለው ቃል ግን አለው፣ ከሳንስክሪት ተውሶ። ኡርዱ ላይ ደግሞ «ካርኻና» (ፋብሪካ) እና «ካሪገር» (የእጅ ባለሙያ) ከፋርስ ቋንቋ ነው የመጡት። የፋርሱ «ካር» (ሥራ) ለ«ክር» ልጁ ሳይሆን ዘመዱ ነው፣ ሁለቱ ከአንድ የጥንት ቋንቋ ወጡ።

7. ትርጉሙን በአማርኛ ጻፉ

ከርመን «ዕጣ» ወይም «ዕድል» ተብሎ ሲተረጎም ያናድደኛል። ቃሉ ሥራ ነው። «ሥራው ያውጣው» ስንል ሐሳቡን አግኝተነዋል። «የእጁን አገኘ» ደግሞ የበለጠ ይቀርባል፣ ምክንያቱም ከዚሁ ሥር የወጣው «ከረ» አድራጊ ማለት ሆኖ እጅንም ይጠራል።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ «ድር»ን ውሰዱ። «ድ»ው ትንፋሽ አለው፣ ትርጉሙ መያዝ፣ መደገፍ። ድርተ፣ ደርመ፣ ዳረና፤ ሦስቱም ደረጃ አለ። ፓሊ ላይ «ደመ»ን ጠብቆ ታገኙታላችሁ። ሂንዲ ላይ «ዳም» ስታገኙ ግን ቸኩላችሁ እንዳታያይዙት። እሱ ከ«ዳመን» የመጣ ነው፣ መኖሪያ ወይም ቅዱስ ስፍራ ማለት፣ ሥሩም «ዳ»፣ ማኖር።