የእንቁላሏን ልብስ ሳትቀዱ

ላብራቶሪ ውስጥ የላም እንቁላልን ከኮርማ ዘር ጋር አገናኝቼ ፅንስ እሠራለሁ። ኦቫሪውን፣ ማለትም እንቁላሉ ያለበትን የላሟን አካል፣ ከቄራ የማመጣው በፔርሙስ ነው። አዎ፣ ሻይ በሚያዝበት ፔርሙስ። ውስጡ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ አለ፤ ሙቀቱ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ። ላብራቶሪ እንደደረስኩ ከ2 እስከ 8 ሚሊሜትር የሚሆኑትን፣ ውሃ የቋጠሩትን ፎሊክሎች (እንቁላሉ የሚቀመጥባቸውን ከረጢቶች) በ18 ጌጅ መርፌ እስባለሁ። ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ጉልበት የበዛበት እንቁላል ከከበቡት ሴሎች ተራቁቶ ይወጣል፤ አንዳንዴም ልብሱ ይሰነጠቃል።

ልብስ የምለው ዞና ፔሉሲዳን ነው። እኛ ዞና ብለን እናሳጥረዋለን። ከፕሮቲንና ከስኳር የተሠራ ጥርት ያለ ሽፋን ነው። በረኛ በሉት። የኮርማው ዘር የሚጣበቀው እሱ ላይ ነው፤ አንዱ ከገባ በኋላ ደግሞ ጠባዩን ቀይሮ ሌላውን ያግዳል። ዜድ ፒ 3 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ሴት አይጦች እንቁላላቸው ዞና የለውም፤ አይወልዱም።

እንቁላሉ በ38.5 ዲግሪ ከ22 እስከ 24 ሰዓት ይበስላል፣ ከዚያ ከኮርማው ዘር ጋር ያድራል። በማግስቱ የከበቡትን ሴሎች ማራገፍ ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። በፒፔት፣ በቀጭኗ መሳቢያ ቱቦ፣ እየሳባችሁ እየተፋችሁ ስታመላልሱት ሴሎቹ ይረግፋሉ። የፒፔቱ አፍ ግን ከእንቁላሉ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፤ የላም እንቁላል ከነዞናው 150 ማይክሮን (0.15 ሚሊሜትር) ገደማ ነው። እኔ አንድ ቀን የፒፔቱን ብርጭቆ በእሳት ስስበው አጠበብኩት። “ግድ የለም፣ ይገባል” ብዬ 11 እንቁላል አፈረጥኩ። ከዚያ ወዲህ አፉን ሳልለካ አልጀምርም።

ከዘሩ ጋር ከተገናኘ በ7ኛው ቀን፣ ፅንሱ ወደ ሌላ ላም ከመግባቱ በፊት፣ ዞናውን ቢያንስ በ50 እጥፍ አጉልታችሁ እዩ። እያንከባለላችሁ እዩት እንጂ ባንድ አቅጣጫ አትተዉት። ከላይ ያልታየ ስንጥቅ ከጎን ብቅ ይላል። ካልተሰነጠቀና ምንም ካልተጣበቀበት 10 ጊዜ ይታጠባል፤ በየእጥበቱ አዲስ ፈሳሽ፣ አዲስ የፒፔት ጫፍ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን እንቁላሉን ከሰጠችው ላም የመጣ ቫይረስ ታጥቦ የሚሄደው ዞናው ደህና ከሆነ ነው።

ኢንኩቤተር ውስጥ የቆየ ፅንስ ከ8ኛው ቀን በኋላ ዞናውን ራሱ ሰንጥቆ ይወጣል። ይሄኛው ስንጥቅ የጤና ነው፣ አትደንግጡ። ለ10ሩ እጥበት ግን አይሆንም፤ ልብሱን ጥሎ ነው የመጣው።