ቦይለር የመብራት ሂሳብ ሲያንር፦ ጥፋቱን በየተራ እንዴት መፈለግ ይቻላል?

ደሴ ላይ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። ከተማው ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የቧንቧው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ የሚኖር ሰው በቀዝቃዛው ሊታጠብ ይችላል። ደሴ ግን ሕፃንና አዛውንት ያለበት ቤት ቦይለር ያስፈልገዋል።

ችግሩ የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ነው። በተለይ አንድ ቆጣሪ ለሁለትና ለሦስት ቤት በሚያገለግልበት ግቢ፣ አከራይና ተከራይ በዚህ ይቀያየማሉ። በግምት ከመወቃቀስ ግን መለካት ይሻላል። ለዚህ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቆጣሪው ራሱ ይበቃል።

መጀመሪያ ቢሉና ቆጣሪው

ቢሉ ላይ ያለውን ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። የቢሉ ከበለጠ ጥፋቱ የቦይለሩ አይደለም፤ ቆጣሪውን ፎቶ አንስተው ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ይሂዱ። ንባቡ ሳይወሰድ ከርሞ የብዙ ወር አንድ ላይ ከመጣም ሂሳቡ ድንገት ያብጣል። ደግሞም ለመኖሪያ ቤት በሚሠራው ታሪፍ፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቦይለሩ የጨመረው ትንሽ ቢመስልም ብሩ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ቦይለሩን በቆጣሪው ይለኩ

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ፤ ፍሪጁንም ይንቀሉ። ቦይለሩ ብቻ ይብራ። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት አለች። አጠገቧ 1000 ወይም 1600 የመሰለ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። ይህ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል የሚነግር ነው። በስልክዎ ሰዓት ይዘው አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። 1500 ዋት የሆነ ቦይለር ውሃ እያሞቀ ከሆነ፣ 1000 በሚለው ቆጣሪ ላይ በደቂቃ 25 ጊዜ፣ 1600 በሚለው ላይ 40 ጊዜ ገደማ ብልጭ ያሰኛል። ማታ ኃይል ሲዳከም ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ይህ ችግር አይደለም። ውሃው ቆይቶ ይሞቃል እንጂ ቆጣሪው በዚያ ምክንያት አይጨምርም።

አሁን የቦይለሩን ብሬከር ያውርዱ። መብራቷ ብልጭታዋን ማቆም አለባት። ካላቆመች ከእርስዎ ቆጣሪ ሌላ ነገር እየጎተተ ነው፤ የተረሳ ዕቃ ወይም የጎረቤት መስመር ሊሆን ይችላል። ቦይለሩን መክሰስ ትተው እሱን ይፈልጉ።

ውሃ ሳይቀዳ ስንት ጊዜ ይነሳል?

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ፍተሻ ይህ ነው። ውሃው ሞቆ የቦይለሩ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ። ከዚያ ማንም ሙቅ ውሃ ሳይነካ መብራቱ መቼ ተመልሶ እንደሚበራ ይከታተሉ። ደህና ቦይለር ለሰዓታት ዝም ይላል። በየግማሽ ሰዓቱ የሚነሳ ከሆነ ሙቀቱ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የሚሄድባቸው ቦታዎች ደግሞ ብዙ አይደሉም።

አንደኛው የሚያንጠባጥብ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ነው። ሥሩ ጆግ አስቀምጠው ያሳድሩና ጠዋት ምን ያህል እንደሞላ ይዩ። ጠብታው ቢያንስም ሌሊቱን ሙሉ የተከፈለበት ሙቅ ውሃ ነው። የቧንቧው ጎሚኒ ሲቀየር ይቆማል። ከቦይለሩ ሥር ያለው ሴፍቲ ቫልቭ ውሃው ሲሞቅ ጥቂት ቢያንጠባጥብ ያለ ነው፤ ያለማቋረጥ ከፈሰሰ ግን ይቀየር። በፍጹም አይድፈኑት፤ ግፊቱ ሌላ መውጫ የለውም።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ቱቦ ከቦይለሩ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይዳስሱ። ከሞቀ፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ እየሠራ አይደለም። የከተማው ውሃ ሲጠፋ ግፊቱ ይወርድና ሙቁ ውሃ ወደ ቀዝቃዛው መስመር ይመለሳል። ውሃ ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ይህ ብልሽት ብዙ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ኃይሉን የሚያቋርጠው ክፍል ነው። መብራቱ ጨርሶ የማይጠፋ ከሆነና ከቧንቧው እንፋሎት እየወጣ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል። ወዲያው ያጥፉት፤ ይህ ከሂሳቡ በላይ የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ማስተካከያውና ሰዓቱ

ብዙ ቤት የቦይለሩ ሙቀት ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ይገኛል። 60 ዲግሪ አካባቢ ያድርጉት። ክፍሉ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ከ75 ወደ 60 ማውረድ ብቻ በቆመበት የሚባክነውን ሙቀት በሩብ ያህል ይቀንሳል። ግን ለዘለቄታው ከ50 በታች አያድርጉት፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ይራባል።

«ሁሌ በርቶ ቢቆይ ይቆጥባል» የሚባለው እውነት አይደለም። ሙቅ ውሃ በቆመ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ ቦይለሩም መልሶ ያሞቃል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። በ1500 ዋት ይህ ወደ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወስዳል። ከመታጠብዎ 2 ሰዓት ቀድመው አብርተው፣ ሲገቡ ያጥፉት።

ባለሙያ ሲመጣ

ባለሙያው ነጭ ቅርፊት የያዘ ሬዚስታንስ (ቦይለሩ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት) አሳይቶ «ሂሳቡን ያናረው ይኼ ነው» ሊልዎት ይችላል። ቅርፊቱ ማሞቁን ያዘገያል፣ ሬዚስታንሱንም ያቃጥላል፤ ሙቀቱ ግን ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ነው የሚገባው። በአቼቶ ዘፍዝፎ ማጽዳት ጥሩ ነው፤ ከቅርፊቱ ብቻ ትልቅ የሂሳብ ለውጥ ግን አይጠብቁ። ሬዚስታንሱ ከተሰነጠቀ ነገሩ ሌላ ነው። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ያፈሳል። ቧንቧ ሲነኩ ንዝረት ከተሰማዎ ብሬከሩን አውርደው ማንም እንዳይታጠብ ያድርጉ፤ ባለሙያውም የመሬት መስመሩን ጭምር ይፈትሽ።

ውሃ ጠፍቶ ሲመጣም ቦይለሩን ቶሎ አያብሩ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍተው፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ይጠብቁ። ባዶውን የበራ ቦይለር ሬዚስታንሱ ወዲያው ይቃጠላል።