አፍ ሲደርቅ፦ መጀመሪያ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዛችሁ ኑ

«ውኃ ጠጡ» የሚለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ አልደግመውም። ይህ ጽሑፍ ውኃ እየጠጡም አፋቸው ለሚደርቅ ነው።

ምልክቱ

ደረቅ ዳቦ ያለ ሻይ አልወርድ ይላል። ሌሊት ምላስ ከላንቃ ጋር ይጣበቃል። ድሮ የማያቃጥለው በርበሬ ያቃጥላል። ክሊኒክ ውስጥ እኔ ቶሎ የማየው በመስታወቴ ነው። ትንሿን የጥርስ መስታወት ጉንጭ ላይ ሳሳርፋት ጤነኛ አፍ ውስጥ ትንሸራተታለች። የደረቀ አፍ ውስጥ ግን ትጣበቃለች፤ ስስባት ጉንጩ አብሮ ይሳባል። ምላስ ሥር መጠራቀም የነበረበት ምራቅ የለም፤ ካለም አረፋ ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ መለካትም ይቻላል። ጠዋት ምንም ሳትቀምሱ 15 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ሳታወሩና ሳታኝኩ የሚመጣውን ምራቅ ሁሉ ስኒ ውስጥ ትፉ፤ ከዚያ በሲሪንጅ ስባችሁ ለኩት። ከ1.5 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ምራቃችሁ በእርግጥ ቀንሷል። በካናዳ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪ ኮሊን ዳውስ በ1987 እንዳሳዩት፣ ሰው «አፌ ደረቀ» ማለት የሚጀምረው ምራቁ በግማሽ ያህል ከቀነሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅሬታውን ቀላል አታድርጉት።

ደጋግሜ የማየው ምክንያት

መድኃኒት ነው። ሌላውን ሁሉ ከመጠርጠራችሁ በፊት የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ማዘዣ የገዛችሁትንም ጭምር።

ቀንደኛው አሚትሪፕቲሊን ነው። እግር ለሚያቃጥላቸው የስኳር ሕሙማን፣ ለማይግሬን፣ አንዳንዴም ለእንቅልፍ ይሰጣል። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ነርቭ ለምራቅ ዕጢ የሚልከውን ትእዛዝ ይዘጋል፤ ዕጢው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥራ ይፈታል። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚንም እንዲሁ ያደርጋል። ለደም ግፊት የሚሰጡት ሽንት የሚያበዙ ክኒኖችም አፍ ያደርቃሉ። ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ደግሞ ይብሳል።

ጥርሱን የሚጨርሰው ግን ክኒኑ ራሱ አይደለም፤ ከረሜላው ነው። አንዲት እናት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ከረሜላ ቋጥረው መጡ። ቀን አንድ እየመጠጡ፣ ሌሊት ሲነቁ ደግሞ አንድ ጉንጫቸው ውስጥ ይዘው ይተኛሉ። የፊት ጥርሳቸው ሁሉ ድዱ ጋ ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፤ መርማሪው መሣሪያ ይሰምጥበታል። ሌላ ቦታ ተሞልቶላቸው ነበር፣ ወለቀ። እንደገና ተሞላ፣ ያም ወለቀ። «እማማ፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም! ይህ ያናድደኛል። ምራቅ የሌለው አፍ ውስጥ ምክንያቱን ሳያጣሩ መሙላት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ስኳርን ወደ አሲድ ይቀይራል። ምራቅ አሲዱን ያለዝበዋል፣ ስኳሩን ያጥባል፣ ከጥርስ የተሟሟውን ካልሲየምም ይመልሳል። የአፍ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርስ ጠንካራ ሽፋን፣ ይሟሟል። ድድ ሸሽቶ የተገለጠው የጥርስ ሥር ግን ፒኤቹ ገና ከ6 በላይ ሳለ መሟሟት ይጀምራል። ለዚህ ነው ጥፋቱ ድዱ ጋ የሚታየው።

መፍትሄው

ክኒኑን በራሳችሁ አታቁሙ። አሚትሪፕቲሊን ድንገት ሲቋረጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ የግፊት ክኒን ማቋረጥ ደግሞ ከዚያ የከፋ አደጋ አለው። ያዘዘላችሁን ሐኪም መጠኑ ይቀነስ፣ ይቀየር ወይም ሰዓቱ ይስተካከል እንደሆነ ጠይቁ።

ከረሜላውን ዛሬውኑ ጣሉት። ማርና ለስላሳም ያው ናቸው። ስኳር የሌለው ማስቲካ አኝኩ፤ ማኘክ ዕጢውን ይቀሰቅሳል። ካላገኛችሁ መፋቂያ አኝኩ፣ ድዳችሁን ግን አትውጉት። ማታ 1450 ፒፒኤም ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ፤ ቁጥሩ ቱቦው ላይ ተጽፏል። አረፋውን ትፉ፣ በውኃ አትጉመጥመጡ። ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አፍ አይግባ።

ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጡ ሰዎች ፍሎራይድ ይፈራሉ፤ የበለዘ ጥርስ አይተዋልና። ያ መበለዝ የሚመጣው በልጅነት፣ ጥርስ ገና ሲሠራ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ሲጠጣ ነው። አዋቂ ሰው የሚተፋው ሳሙና ጥርስ አያበልዝም።

ሎሚ አትምጠጡ። ምራቅ ያመጣል፣ እውነት ነው፤ ግን አሲዱን የሚያጥብ በቂ ምራቅ የላችሁም። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫም አትግዙ። ቅርንፉድ የደረቀ አፍ ላይ አታድርጉ፤ ያቃጥላል። አፉ ነጭ ነገር ከለበሰ ወይም የከንፈር ጥግ ከተሰነጠቀ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የፈንገስ መድኃኒት ያሻል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ይውለቅ።

ጫት የሚቅሙ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለባቸው፦ ጫቱ አፍ ያደርቃል፣ ኮካውና ስኳሩ ይከተላል። ቢያንስ ኮካውን በውኃ ተኩት።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም

ጥማትና ሽንት ከበዛ ስኳር ተመርመሩ። ዓይንም አብሮ ከደረቀና መገጣጠሚያ ከታመመ ሾግረን የሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የምራቅና የእንባ ዕጢ የሚያጠቃበት በሽታ ሊሆን ይችላል። ራስና አንገት ላይ የጨረር ሕክምና ሊሰጣችሁ ከሆነ ጥርሳችሁን ከጨረሩ በፊት አሳዩ፤ ከጨረር በኋላ ጥርስ መንቀል መንጋጋን ሊያበላሽ ይችላል። ምግብ በቀረበ ቁጥር መንጋጋ ሥር የሚያብጥ ከሆነ የምራቅ መውረጃውን የዘጋ ጠጠር ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እብጠቱ ትኩሳት ወይም መግል ካለበት ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።