ከ2008 በፊት ላረፈ ሰው የሞት ማስረጃ፣ ጣርማበር

የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ስንል ፍርድ ቤቱ የአያቴን የሞት ማስረጃ ጠየቀን። ያረፉት በ1994 ዓ.ም. ጣርማበር ነው።

መጀመሪያ የቀበሌውን የወሳኝ ኩነት መዝገብ አየን። የለም። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ አለመኖሩ አያስገርምም። የድሮ ጋዜጦችንም አገላበጥን፤ ለገጠር ሰው የሐዘን መግለጫ የሚያወጣ ስለሌለ አትድከሙበት።

የሠራልን የእድር መዝገብ ነው። ግን ወፍራም ነው፣ ቀኑ ካልታወቀ መከራ ነው። አክስቴ አርባቸው የወጣው በአስተርእዮ ማርያም፣ ጥር 21 እንደነበር አስታወሱ። ያረፉበትን ቀን አንድ ብለን ወደ ኋላ ስንቆጥር ታኅሣሥ 12 ሆነ። የእድሩ ጸሐፊ የታኅሣሥን ገጽ ሲገልጡ ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ተጽፎ አገኘነው! ማኅተም ያለበት ደብዳቤም ሰጡን።

ከተቀበሩበት ደብር ሰበካ ጉባኤም ሌላ ደብዳቤ አወጣን። እዚያ ስትሄዱ የክርስትና ስማቸውን ያዙ፤ በዓለም ስም ብቻ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ሁለቱን ደብዳቤዎችና ቀብሩ ላይ የነበሩ ምስክሮችን ስናቀርብ ፍርድ ቤቱ ተቀበለን። የእድሩን ገጽ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ እየተበጣጠሰ ነው።