ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፦ «ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ዊንዶውሱ አልነሳ ብሏት ጥገና ቤት ወስዳው፣ «ፎርማት ነው የሚያስፈልገው» ሲሏት እሺ ብላ ነበር። ማሽኑ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ዲ በሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ያስቀመጠችው ፎቶና ፊልምም አልተነካም። የመመረቂያ ጽሑፏ ግን ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ደግሞ የሚቀመጡት ፎርማት በተደረገው ሲ ውስጥ ነው። ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከቻቸው ሁለት ምዕራፎች ብቻ ተረፉላት።

ዊንዶውስ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሶ ይጫናል፤ የጠፋ ፋይል ግን መጫኛ የለውም። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ምልክት፦ ይከፍታል፣ ግን ይንቀራፈፋል፣ ፕሮግራሞች በራሳቸው ይዘጋሉ

ብዙ ጊዜ የሲስተም ፋይሎች ተጎድተዋል ማለት ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ አፕዴት እየተጫነ መብራት ከሄደ አንዱ ውጤት ይህ ነው። ነገ ላይከፍት ስለሚችል ዛሬውኑ ፋይልዎን ኮፒ ያድርጉ። ከዚያ ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ተርሚናል አድሚን የሚለውን ይክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ ብለው ይጻፉ፤ ስፔስ፣ ስላሽ፣ ቀጥሎ «ስካን» እና «ናው» ሳይለያዩ፤ ኢንተር። የተጎዱትን ፋይሎች እየፈለገ ይተካል። «ሁሉንም መጠገን አልቻልኩም» ካለ፣ ዲስም የሚባለው ትእዛዝ ጤነኛ ፋይሎችን ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ እሱ ሲያልቅ የመጀመሪያውን ይድገሙት።

ምልክት፦ ሎጎው ላይ ነጥቦቹ እየዞሩ ይቀራል፣ ወይም ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ራሱን ያጠፋል

ሰማያዊ ስክሪን ያዩ ሰዎች ማሽኑ የሞተ ይመስላቸዋል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የሴኩሪቲ ድርጅት የላከው አንድ ስህተት ያለበት አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በመላው ዓለም ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጥሎ ነበር። በየማሽኑ የተደረገው ጥገና በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በአስፈላጊ ነገሮች ብቻ ሲነሳ) ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ፎርማት አላስፈለገም። የእርስዎም ምክንያት አንድ አፕዴት ወይም አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስ ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም) ሊሆን ይችላል።

ማሽኑን ያብሩ፤ ሎጎው ብቅ ሲል ማብሪያውን እስኪጠፋ ድረስ ተጭነው ይያዙ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋግሙት የጥገናው ገጽ በራሱ ይመጣል። ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ይግቡ። መጀመሪያ ስታርትአፕ ሪፔርን ይሞክሩ። ችግሩ ከአፕዴት በኋላ የመጣ ከሆነ አንኢንስቶል አፕዴትስ። ካልሆነ ሲስተም ሪስቶር፦ ማሽኑን ደህና ወደነበረበት ቀን ይመልሰዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተጫኑ ፕሮግራሞች ይወገዳሉ፣ የግል ፋይል ግን አይነካም። ሪስቶር ፖይንት (የሚመለሱበት የተቀመጠ ቀን) ከሌለ፣ ይህ አገልግሎት ቀድሞውኑ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። መሃል ላይ ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር (የዲስክ መቆለፊያ) ቁልፍ ከጠየቀዎት በስልክዎ ማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ገብተው ይፈልጉት፤ ያለ እሱ ዲስኩ አይነበብም።

አንዱም ካልሠራ ፋይልዎን አሁን ያውጡ። እዚያው ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍተው ኖትፓድ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ኖትፓድ ሲከፈት ፋይል፣ ቀጥሎ ኦፕን፤ ከታች ቴክስት ዶክመንትስ የሚለውን ወደ ኦል ፋይልስ ይቀይሩ። ያቺ ትንሽ መስኮት ፋይሎችዎን ሁሉ ታሳይዎታለች። ሲ የነበረው እዚህ ዲ ወይም ኢ ተብሎ ሊታይ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ዩዘርስ የሚል ፎልደር ያለበትን ይፈልጉ። በስምዎ ካለው ፎልደር ውስጥ ዴስክቶፕን ራይት ክሊክ አድርገው ኮፒ፣ ከዚያ ፍላሹ ላይ ፔስት። ምን ያህል እንደተገለበጠ ስለማያሳይ የቆመ ይመስላል። ይታገሡት።

ፋይሉ ከወጣ በኋላ፦ ሪሴት ወይም አዲስ መጫን

ትራብልሹት ውስጥ ሪሴት ዚስ ፒሲን ከፍተው ኪፕ ማይ ፋይልስን ይምረጡ። ክላውድ ዳውንሎድ 4 ጊጋ ገደማ ዳታ ይበላል፤ ሎካል ሪኢንስቶል ዳታ አይፈልግም፣ ግን እዚያው ካሉት ፋይሎች ስለሚሠራ እነሱ ከተጎዱ ሊከሽፍ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ፕሮግራሞችዎና የጫኗቸው ፎንቶች መልሰው መጫን አለባቸው። በቪዡዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ይታያል። ተበላሸ ብለው እንዳይጥሉት፤ ፎንቱ ሲጫን ይመለሳል።

ሪሴትም እምቢ ካለ ቢያንስ 8 ጊጋ የሆነ ባዶ ፍላሽ ይያዙና በሌላ ኮምፒውተር በማይክሮሶፍት ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል መጫኛውን ያዘጋጁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና 4 ጊጋ ራም ይጠይቃል። ፓርቲሽን ምረጡ በሚለው ገጽ ላይ ቆም ይበሉ፤ መጠኑን አይተው ሲን ከዲ ይለዩ። ፎርማት ሳይጫኑ ካለፉ አሮጌው ዊንዶውስ ዊንዶውስ ኦልድ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ የረሱት ነገር ካለ ቶሎ ከዚያ ያውጡት። በክራክ አክቲቬት ለማድረግ አንቲቫይረስ አጥፉ የሚሉ ፕሮግራሞችን አይንኩ፤ አብረው ቫይረስ የሚያስገቡ አሉ። ያው ማሽን ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት ሆኖ ከነበረ፣ ያንኑ ኤዲሽን ሲጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ራሱ ይስተካከላል።

ምልክት፦ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» (የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም)

የተሰካ ፍላሽ ካለ ይንቀሉና እንደገና ያስነሱ፤ አንዳንዴ ችግሩ ያው ብቻ ነው። ካልሆነ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሃርድዲስኩ መታየቱን ይመልከቱ። የማይታይ ከሆነ ኬብሉ ለቅቋል ወይም ዲስኩ ተበላሽቷል። ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ያጥፉት፤ ምንም አይጫኑበት፣ ዳታ ለሚያወጣ ባለሙያ ይስጡት። እዚህ ላይ «ዲ ላይ አስቀምጬዋለሁ» ማለት አያድንም፤ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሲና ዲ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፣ ሲሞት አብረው ይሄዳሉ። ውጫዊ ሃርድዲስክ ከሌለዎት የዕለቱን ሥራ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ይላኩት፤ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ይቀበላል።