የመጀመሪያዋን የፒክስል ሥዕል ይዞ ለመጣ ልጅ ምን እንበለው?

ደሴ ውስጥ ቲሸርትና ባነር የምናትምበት አነስተኛ ቤት አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራው ቀዝቀዝ ሲል የሰፈር ልጆች ይመጣሉ። ያለን አንድ ላፕቶፕና አንድ የቆየ ዴስክቶፕ ነው፤ የቀሩት በየስልካቸው ይሠራሉ። የምንሠራው ፒክስል አርት ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ሥዕሉን ፒክስል በሚባሉ ትንንሽ ካሬዎች፣ አንድ በአንድ ቀለም እየሞሉ መሥራት ማለት ነው። ካሬዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዷ ቦታዋን ስትስት ወዲያው ይታወቃል።

ማስተማሩ አልከበደኝም። የከበደኝ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ያለችው ደቂቃ ናት። ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ ያዞርና ዝም ይላል። ያኔ የምናገረው ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ መምጣት አለመምጣቱን ይወስናል።

ይህን ያወቅኩት በአንድ የ13 ዓመት ልጅ ነው። ባቲ ሄዶ የሰኞውን ገበያ አይቶ መጣ። አፋሮች ግመል እየነዱ የሚመጡበት ገበያ ነው። 32 በ32 ካሬ ያለው ካንቫስ፣ ማለትም ባዶ የሥዕል ገጽ፣ ከፍቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ አቀርቅሮ ሠራ። ሲያሳየኝ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር። «ጎበዝ! ውሻው ያምራል፣ እግሩን ብቻ አስተካክለው» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። ሁለት ቅዳሜ ቀረ።

የሠራው ግመል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አፌን የምከፍተው በጥያቄ ነው። «ምን ልትሠራ ነበር ያሰብከው?» ቀጥዬ፣ «የቱ ጋ ነው ብዙ የለፋኸው?» እላለሁ። ሁለተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። ልጁ አንድ ሰዓት የፈጀበትን ጆሮ እናንተ በሁለት ሰከንድ «አውጣው» ልትሉት ትችላላችሁ። ምናልባት መውጣት አለበት። ግን እንደለፋበት አውቃችሁ ስትናገሩ ቃላችሁ ራሱ ይለወጣል።

ከዚያ ሥዕሉን አሳንሳችሁ እዩት። ጀማሪ ሁሉ ዙም አድርጎ ነው የሚሠራው። ስምንት እጥፍ አጉልቶ አንዷን ካሬ እንደ ጥፍር አሳክሎ ያያታል፤ ሙሉውን ሥዕል ግን አላየውም። እናቴ ስፌት ትሰፋለች። አክርማውን ቀለም በቀለም ስታስገባ ትቆጥራለች፤ ሦስት ቀይ፣ ሁለት ጥቁር። የጎረቤት ልጅ የጀመረችውን ሰፌድ ስታመጣላት እናቴ ተቀብላ አታይም። «እስቲ በሩ ጋ አስቀምጪውና ራቅ ብለሽ እይው» ትላታለች። ልጅቷም ሰፌዱን አስቀምጣ ራቅ ብላ ስታይ ጥለቱ የት እንደተሳሳተ ራሷ ታገኘዋለች። እኔም ልጆቹን ዙሙን ቀንሰው ከወንበሩ እንዲነሱ አደርጋለሁ። ግመሉ ከሩቅ ሲታይ ሻኛው ከጀርባው ጋር ተዋህዶ ጠፍቷል። ውሻ ያስመሰለው እሱ ነበር እንጂ እግሩ አልነበረም።

አሁን ወደ መሥመር። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ አብዛኛው የጀማሪ ችግር ያለው እዚህ ነው። በፒክስል የተጠማዘዘ መሥመር የሚሠራው እንደ ደረጃ ነው። በግመሉ አንገት ላይ ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱ ደረጃ ስንት ፒክስል እንደሆነ እንዲቆጥር አደረግኩት። 1፣ 3፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ሆነ። ዓይን የሚፈልገው ርዝመቱ ቀስ እያለ እንዲያድግ ወይም ቀስ እያለ እንዲቀንስ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለችው 1፣ በ3 እና በ2 መሀል ተሰንቅራ አንገቱን የተሰበረ አስመስላዋለች። 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 4 አድርገን ሞከርነው። ቁመቱ ያው 12 ፒክስል ነው፣ አንገቱ ግን ቀና አለ። «መሥመርህ ይንቀጠቀጣል» ብዬው ቢሆን ምን ያስተካክል ነበር? እጁን ያይ ነበር። «ሦስተኛው ደረጃ» ስለው ግን የሚነካው ነገር አገኘ።

አንድ ማስታወሻ። የእኛ ልጆች ታላቅ ሲናገር «እሺ» እያሉ ነው ያደጉት። «እሺ» ሲሏችሁ ገብቷቸዋል ብላችሁ አትለፉ። «እስቲ የትኛዋ ፒክስል እንደሆነች በጣትህ አሳየኝ» በሉ። ጣቱ ሌላ ቦታ ካረፈ ያልገባው ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እኛ በደንብ ስላልነገርነው ነው።

ሌላው ደግሞ ጥፋቱ የእጅ ይሁን የካንቫስ መለየት ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ላሊበላ ደርሳ መጥታ የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ ጀመረች። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የገቡ ሦስት መስቀሎች አሉ። 16 በ16 ላይ ሠርታ ደመሰሰች፤ ደግማ ሠርታ ደመሰሰች። በመጨረሻ «እትዬ፣ እኔ አይሆንልኝም» አለች፤ እንባዋ ቀርቦ ነበር። «አብሽሪ፣ ነይ እንቁጠር» አልኳት። ሦስቱ መስቀሎች በግራም በቀኝም ጠርዝ ስላላቸው፣ አንዱን ክንድ አግድም ስታቋርጪው ስድስት መሥመር ታገኛለሽ። በመሥመሮቹ መሀል አምስት ክፍተት አለ። እያንዳንዱን በ1 ፒክስል ብናስበው ክንዱ ብቻ 11 ፒክስል ይወስዳል። ክንዱ የመስቀሉ ሲሶ ያህል ከሆነ ሙሉው 33 ነው። 16 ላይ የዓለም ጎበዝ ቢመጣ አያገባውም። ሁለት ምርጫ ሰጠኋት፤ 16 ላይ ቆይታ አንድ መስቀል ብቻ መሥራት፣ ወይም 35 በ35 መክፈት። 35 ጎዶሎ ስለሆነ መሀል ላይ አንድ ፒክስል ይኖረዋል፣ መስቀሉም ወደ ጎን አይሄድም። 35ቱን መረጠች። ይህቺን ልጅ «በርቺ፣ ደጋግመሽ ሞክሪ» ብያት ቢሆን ኖሮ ባልሠራችው ጥፋት ራሷን ትቀጣ ነበር።

ትንሽ ካንቫስ ላይ መቆየት ለሚፈልግ ደግሞ ምን መተው እንደሚቻል አሳዩት። አንዱ የአያቱን ፊት 16 በ16 ላይ ሲሠራ አፋቸው የቀለም ጠብታ ሆነበት። የቪዲዮ ጌሙን ገጸ ባሕርይ የማሪዮን ነገር ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ የሚባለው ጌም ላይ ሲወጣ ፊቱ በጣም ጥቂት ፒክስል ነበር። ኮፍያው ፀጉር ከመሣል፣ ጺሙ አፍ ከመሣል ሠሪዎቹን አዳናቸው። ልጁ ትንሽ አሰበና አፉን ትቶ ነጭ ሻሽ አሰረላቸው። ሦስት ፒክስል ለነጠላው ጥለት። አያቱን ሆኑ።

ቀለም ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ቁጠሩ። ጀማሪ ቀለም በፈለገ ቁጥር አዲስ ይመርጣል። የግመሉ ልጅ ቡናማ ብቻ 19 ዓይነት ነበረው፤ ብዙዎቹን ዓይን አይለያቸውም። «ቀለምህ በዝቷል» ማለቱ ብቻውን ትንሽ ነው። በአራት እንዲሠራው ጠይቁት። ጌምቦይ የሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ስክሪኑ 160 በ144 ፒክስል ነበር፤ የነበሩትም አራት የቀለም ደረጃዎች ብቻ ናቸው፣ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ። በዚያ ስንት ጨዋታ ተሠርቷል። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ አራቱን እንደ ቅጣት አያዩትም፣ እንደ ውድድር ይይዙታል።

ጥላ ላይ ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ነገር ይሠራል። ዳር ዳሩን በሙሉ ያጠቁርና መሀሉን ያበራል። ነገሩ እንደ ትራስ ያብጣል። እኛ ጋ ቡና አይጠፋም፤ ጀበናውን አነሣና መስኮቱ ጋ አስቀምጣለሁ። «ብርሃኑ በየት ነው የመጣው? የጨለመው የቱ ጎን ነው? አንገቱ ሆዱ ላይ ጥላ ጥሏል?» ከዚያ ወደ ሥዕሉ እንመለሳለን። «ያንተ ግመል ላይ ፀሐይዋ የት ናት?» ይህቺን ጥያቄ መመለስ ከቻለ ሌላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ ግን በአንድ ቀን አትናገሩ። ለመጀመሪያ ሥዕል አንድ ነገር ይበቃል። የትኛው ቢስተካከል ሥዕሉ ይበልጥ እንደሚለወጥ አስቡና እሱን ብቻ አንሡ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጀምረው ከአጠቃላይ ቅርጹ ነው፣ ከዚያ መሥመር፣ ከዚያ ቀለም። ጠርዝ ማለስለስ መጨረሻ ይደርሳል።

ማውሱንም አትንጠቁ። እጄ ይበላኛል፣ አውቀዋለሁ፤ ሁለት ፒክስል ብነካለት ያልቃል። ግን ከነካሁት በኋላ ሥዕሉ የእሱ ብቻ አይሆንም። ማሳየት ካስፈለገ አስፈቅዱ፣ ፋይሉን ቅዱና ቅጂው ላይ በቀይ አሳዩ። ዋናውን እሱ ራሱ ያስተካክለው።

ማሞገሱስ? «ማሻ አላህ» ለእኛ ለወሎዬዎች ከአፍ አይርቅም። በሉት፣ ልጁ ደስ ይለዋል። ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። «የፊት እግሩን አንድ ፒክስል ወደ ፊት ማስቀደምህ ግመሉን እየሄደ አስመሰለው» ስትሉት ነገ ደግሞ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ሰጣችሁት። እሱ ምናልባት በአጋጣሚ ነው ያደረገው። አሁን አውቆ ያደርገዋል።

ሥዕሉ በስልክ ከተላከላችሁ ከመናገራችሁ በፊት ፋይሉን አረጋግጡ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ጠርዙ ይደበዝዛል። አንዷን ልጅ ባልሠራችው ብዥታ ወቅሻት አውቃለሁ፤ ይቅርታም ጠይቄያታለሁ። ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ፣ እንደ ፋይል ይላክ። ሲጎላም በሙሉ ቁጥር ይጉላ፤ 32ቱ በአሥር ሲባዛ 320። በአንድ ተኩል ከተባዛ ካሬዎቹ እኩል አይሆኑም።

መብራት ከጠፋ ስኩዌር ደብተር አውጡ። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር እ.ኤ.አ. በ1984 ለወጣው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር የሠራቻቸውን ምልክቶች የጀመረችው በካሬ ወረቀት ላይ ነው፣ 32 በ32። እንዲያውም አስተያየት ለመስጠት ወረቀቱ ይመቸኛል። ልጁ እርሳሱን ይዞ ይቆጥራል፣ እኔ እጄን አጣምሬ አያለሁ።

የግመሉ ልጅ በሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ውሻ በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኩት። የድሮውን ፋይል አልሰረዝነውም፤ አዲሱን ጎኑ አድርገን ከፈትነው። ሻኛው ወጥቷል፣ አንገቱ ቀንቷል፣ ቡናማው ሦስት ብቻ ሆኗል። ልናገር ስል ቀደመኝ። «ቆይ ቆይ፣ እትዬ፣ ጅራቱን ረስቼዋለሁ» አለና ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበው።